ዝም ያለው መስመር

በራያ ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። ጩኸታቸውና የወንጭፋቸው ድምፅ እስከተሰማ ድረስ ቤት ያለችው እናት አትሰጋም። ድምፁ ሲጠፋ ግን ልቧ ይነሳል። ልጁ ተኝቷል፣ ወይም አንድ ነገር ሆኗል።

እንዲህ ባለ ማማ ላይ ያደገ አንድ የቆቦ ልጅ አሁን አዲስ አበባ ሌላ ጥበቃ ላይ ነው። ከየከተማው ቅርንጫፎች የሚመጣ ሎግ ይከታተላል። ሎግ ማለት መተግበሪያ ስለራሱ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ ነው፤ ማን ገባ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ከሸፈ፣ በስንት ሰዓት። ሲስሎግ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ መልእክት ከ0 እስከ 7 የክብደት ቁጥር አለው። 0 ከሁሉም የከፋው ነው።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። ያን ሰሞን ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት አልነበረም። የጠዋቱ ሪፖርት «ቆቦ ቅርንጫፍ፦ ስህተት 0» ይላል። አለቃው አይቶ ፈረመ። ልጁ ግን የእናቱን ስልክ ለቀናት ሲደውል ከርሟል። ቅርንጫፉ ዝም ያለው ሰላም ስለሆነ ሳይሆን የሚናገርበት አፍ ስላጣ መሆኑን ያውቃል። ለሪፖርቱ ግን ሁለቱም ያው ዜሮ ናቸው።

ሲስሎግ ከጥንት ጀምሮ በብዛት የሚላከው ዩዲፒ በሚባል መንገድ ነው። ዩዲፒ መልእክቱን ይወረውራል እንጂ ደረሰ ወይ ብሎ አይጠይቅም። በቲሲፒ መላክ ይሻላል፤ መስመር ሲቋረጥም ላኪው መልእክቱን ዲስኩ ላይ እንዲያቆይ ማድረግ ይቻላል። ይሁንና ላኪው ራሱ ሲጠፋ ሁለቱም ማንንም አይቀሰቅሱም። ልጁ ኋላ ላይ የጨመረው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየ5 ደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ 3 ጊዜ ካልተሰማ ስክሪኑ ይቀላል። የማማው ሕግ ነው።

ይህም ግማሽ መንገድ ነው። የደረሰውን የሚያይ ከሌለ መድረሱ ምን ይጠቅማል? ወሎ ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በ1965 የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ጥናት የመጪውን ችግር ጠቁሞ ነበር። መልእክቱ አዲስ አበባ ደርሷል፤ አይቶ የተነሳ ግን አልነበረም። ራያና ቆቦ አውራጃ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ለብዙዎች ጊዜው አልፎ ነበር።

ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «ከወረዳው የመጣ አቤቱታ የለም» የሚል ሪፖርት ይፈረማል። ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ቢቀድም መልካም ነው። ያ ወረዳ ለመጨረሻ ጊዜ «አለሁ» ያለው መቼ ነው? የሰማውስ ማን ነው?