ወደ ሰመራ ለምትወርደው ልጄ

ሐርቡ

ልጄ፣

እናትሽ ዱዓዋን አድርጋልሻለች። እኔ ደግሞ በቃል ያልጨረስኩት አለና ልጻፍልሽ።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገሽ ወደ ሚሌ ስትወርጂ የምታልፊው ቁልቁለት ተራ ገደል እንዳይመስልሽ። የደሴ ደጋ የተቀመጠበት የምድር ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። አፋር ላይ ይኸው ቅርፊት ተስቦ ሳስቷል፤ ወደ 25 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ዳናክል ሲጠጋም ከ20 በታች ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ማንትል ጠጣር ቢሆንም ከግለቱ የተነሣ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ይቀልለትና በከፊል ይቀልጣል። የወሎ ተራሮች ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዲህ ወጥቶ የፈሰሰ ነው።

ይህን ማንም ወርዶ አላየውም። ሩስያ ውስጥ ኮላ ላይ የተቆፈረው እጅግ ጥልቁ ጉድጓድ 12 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ቆሟል፤ እስከ ምድር መሐል ግን 6371 ኪሎ ሜትር አለ። የውስጡን የነገረን የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው። አንደኛው ዓይነት በፈሳሽ ውስጥ አያልፍም፤ 2900 ኪሎ ሜትር ላይ መቋረጡ ከዚያ በታች የቀለጠ ብረት እንዳለ አሳየ። ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማን ደግሞ ሌሎች በሌላ ምክንያት አስረድተው ያለፉትን ደካማ ሞገድ ይዛ መረመረች፤ በ1936 እ.ኤ.አ. በፈሳሹ መሐል ሌላ እምብርት እንዳለ አስታወቀች። ይህችን ሴት አስቢያት።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ካራቆሬ ሲናወጥ ማጀቴ ፈረሰች፣ የደሴ መንገድ ተሰነጠቀ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፈተ፤ ሰፊው ቦታ ላይ 8 ሜትር ይደርሳል፣ የቀለጠ ድንጋይም ከሥር ገብቶ ሞላው። የ2017 ዓ.ም. የፈንታሌን መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ሰምቶታል።

እንግዲህ መሐንዲስ ሆነሽ የምትሠሪው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የኮለኑን ስታፋ፣ ብረቱን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ራስሽ ቁጠሪ፤ ከላይና ከታች፣ ከወራጁ ጋር በሚገናኝበት፣ ተጠጋግቶ ይታሰር። ጫፉ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ አስፈቺው። ብረት አሳሪው ፌራዮ ቢያጉረመርም፣ አለቃሽም ቀኑ አለቀ ቢልሽ አትፈርሚ። ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ ያንን ብረት የሚያየው የለም፤ የሚፈትነው መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። ሥራውን ብትለቂ ቤትሽ እዚህ አለ፤ በዚህ አትስጊ።

ዳባሁ ሲከፈት የነበሩ የአፋር ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በአክብሮት ጠጋ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ጭሱ በየት በኩል ወጣ፣ ከብቱ ወዴት ሸሸ። የነገሩሽን ከነቦታው ጻፊውና ለእኔም ላኪልኝ።

አባትሽ