የማያጠፋው ቁልፍ

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ አንድ ማታ ከመኝታ ቤቴ ሆኜ ሩቅ ቦታ ያለ ሰርቨር ውስጥ በኤስኤስኤች ገባሁ። የቆየ ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝ ስጽፍ የፋይሉን ስም ተሳሳትኩ። ለማጥፋት ባክስፔስ ተጫንኩ። ፊደሉ አልጠፋም፤ ጭራሽ «^?» የሚል ምልክት ተጨመረበት። ደግሜ ስጫን ምልክቱ በዛ። ሌላ ፋይል እንዳልሰርዝ ፈራሁ፤ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጭኜ መስመሩን ተውኩት።

ኪቦርዴ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ግን ደኅና ነው።

ለካ ባክስፔስ ሲጫኑት የሚልከው ቁጥር ነው፤ አንዳንዱ 8፣ አንዳንዱ 127 ይልካል። የእኔ 127 ይልካል፤ ሰርቨሩ ደግሞ 8 ይጠብቃል።

ይህን እያነበብኩ ሳለ እማዬ ከኩሽና በስልክ ጻፈችልኝ፦ «አጎትህ ከአዲስ አበባ ደውሎ ነበር።»

«ምን አለ?» ብዬ መለስኩ።

«ሽሮ» አለችኝ።

ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ «ምን ተናገረ?» ማለቴ ነበር፤ እሷ «ለእራት ምን አለ?» ብላ አነበበችው። ስንናገር «ለ» አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይጠብቃል፤ ስንጽፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ወደ ሰርቨሩ ተመለስኩ። «ኤስ ቲ ቲ ዋይ»፣ ክፍት ቦታ፣ «ኢሬዝ»፣ ክፍት ቦታ ጽፌ፣ ያንኑ ባክስፔስ አንዴ ነካሁና ኢንተር ተጫንኩ። ከዚያ በኋላ ማጥፋት ጀመረ። የፋይሉን ስም አስተካክዬ፣ ሁለቴ አንብቤ ሰረዝኩት።

ከዚያም አጎቴ ያለውን ለመስማት፣ ሽሮውንም ለመብላት ወደ ኩሽና ወረድኩ።