ያለ ግጥም የሄደው ባቡር

«ጋሼ፣ ማሲንቆዎን ይዘው ይምጡልኝ፤ ግን አይዘፍኑም» አለኝ ልጁ በስልክ። ሳቄ መጣ። አዝማሪን አትዝፈን ማለት ቄስን አትቀድስ እንደ ማለት ነው። አዝማሪ ቤት ማሲንቆ አጃቢ ነው፤ እንግዳው የሚመጣው ለግጥሙ፣ ስሙ ተጠርቶ ሲወደስ ወይም ሲሸነቆጥ ለመስማት ነው።

ልጁ የቂርቆስ ልጅ ነው፤ ያደገው ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ የባቡሩን ፉጨት እየሰማ ነው። እናቱ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ ስቱዲዮ አድርጓታል። የማንም ገንዘብ አልነበረበትም፤ የሚያዘውም የለም። ያሰበው ከለገሃር ተነስቶ ድሬዳዋ የሚደርስ አልበም ነው፤ ለየጣቢያው አንድ አንድ ሙዚቃ፣ ቃል ግን የሌለበት። ሐዲዱ ከጅቡቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 መድረሱን በቃሉ ያውቀዋል። እኛ ስንገናኝ ግን የድሮው ባቡር ከቆመ ቆይቷል። «ግጥም ከገባበት ሰው ስለ ባቡሩ ይሰማል እንጂ አይሳፈርም» አለኝ።

አልተዋጠልኝም። እሱም ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመውን «ቸ በለው»ን አሰማኝ። ቀጥሎ የባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ለብቻው የሠራውን ከፈተልኝ። «ያለ ግጥም የሚኬድበት መንገድ የተጠረገ ነው፤ የኛ ሥራ ጣቢያ መጨመር ነው» አለ።

የማሲንቆዬን ደጋን ዕጣን ቀባሁና ለለገሃር ብዬ በትዝታ ቅኝት ጀመርኩ። እጁን አነሳ። «ጋሼ፣ ገና ሳንሄድ ምን ትዝታ አለን?» ለገሃር ባቲ ሆነ። አዋሽን፣ ድምፆቹ ተጠጋግተው ለሚፋጩበት ለአንቺሆዬ ሰጠው። ትዝታን ድሬዳዋ እስክንደርስ ከለከለኝ።

የተጣላነው በምቱ ነው። ድሬዳዋ ወርዶ በአሮጌው የባቡር ጥገና ጋራዥ ውስጥ የመንኮራኩሩን፣ የበሩን፣ የመዶሻውን ድምፅ ቀድቶ መጥቷል፤ ከበሮው እሱ ነው። ብረቱ ሁለት ሁለት እያለ ይሄዳል። የኔ እጅ ደግሞ የሚያውቀው ችክችካ ነው፤ ስድስት ይቆጥራል። ልከተለው ብሞክር እጄ እምቢ አለ፤ እሱም ብረቱን አልለቅም አለ። በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ ለቀቃቸው። አዋሽ ላይ ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ፣ ደግሞ ይለያያሉ። ቆሞ የሚሰማ ሰው ሳያውቀው ይወዛወዛል።

አልበሙ ሲያልቅ ለአንድ ሙዚቃ ቤት አሰማን። «ድምፃዊ ጨምሩበትና እንነጋገር» ተባልን። ሌላው የአዋሹን ለማስታወቂያ ማጀቢያ ልግዛው አለ፤ ልጁ አልሸጥም አለ። ከውጭ የሚላክ ክፍያ እዚህ ለመቀበል ስላልተመቸ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአክስቱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጥበትን አካውንት በራሱ ስም ከፈተለት።

አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሰው ጠርተን ፒያሳ አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ አስደመጥን። እኔ ማሲንቆዬን በቀጥታ እጫወታለሁ፣ ሌላውን እሱ ከኮምፒውተሩ ይለቃል። አዋሽ መሐል ላይ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ስንኝ ወረወሩ። አፌ በልማድ ተከፈተ። ልጁ በዓይኑ ለመነኝ። ከንፈሬን ነከስኩና የስንኙን ዜማ በጭራው መለስኩላቸው። ሁለተኛውን ወረወሩ፤ እሱንም መለስኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ሲያበቃ ሽማግሌው የዘመቱበትን በረሃ እንዳዩ ነገሩን። አንዲት እመቤት ሠርጋቸውን አሉ። ባቡር ያለ ሰው የለም። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፤ ሙዚቃዎቹን በቁጥር ብቻ ሊያወጣቸው ነበርና ፍንጭ የሚሰጥ ነገር አልነበራቸውም። ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን «መሳፈሪያውን ንገራቸው፤ መውረጃውን ለራሳቸው ተውላቸው» አልኩት። አልበሙ ሲወጣ በየሙዚቃው ላይ የጣቢያው ስም ተጻፈበት። ከዚያ በላይ ግጥም አልገባበትም።

እኔ አዝማሪ ቤት አሁንም እዘፍናለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ብቻ አንዳንድ ማታ «ተቀበል» ሲሉኝ አፌን ሳልከፍት እቀበላለሁ። የሚሸልመኝም አልጠፋም።