ማክዳን ስታለብሺያት

ሐዋሳ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣ ብዬ አንቺን እያሰብኩ እመለሳለሁ።

ለንግሥተ ሳባ ቴአትር ልብሱን የምትሠሪው አንቺ መሆንሽን ስሰማ ብቻዬን እልል አልኩ። የላክሽልኝን ፎቶም ደጋግሜ አየሁት። በ1921 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ንግሥታችንን ሆና የተጫወተችው ቤቲ ብላይዝ፣ ደረቷ ላይ ሉል ተደርድሮ፣ ገላዋ ግማሹ ተራቁቶ ትታያለች። ለዚያ ፊልም 28 ልብስ ቀያይራለች ይባላል። ሥራው ያምራል፤ አልዋሽሽም። ተዋናይ ድምፅዋ በማይሰማበት፣ ቀለም በማይታይበት ዘመን ማዕረጓን የሚናገርላት ልብሷ ነበር፤ ነጭ ሉል ደግሞ መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል።

ነገር ግን ልጄ፣ ንግሥታችን ማክዳ እንደዚያ አይደለችም። ክብረ ነገሥት 797 ግመል አስጭና ጥበብ ፍለጋ ኢየሩሳሌም እንደወረደች ይነግረናል። ያው መጽሐፍ ስለ ዕንቍም ይናገራል፤ ከአዳም አብራክ ጀምሮ ከትውልድ ትውልድ በሰው ውስጥ ሲተላለፍ ቆይቶ ከሐና ለድንግል ማርያም ስለደረሰው ዕንቍ። በግእዝ ሉል «ባሕርይ» ይባላል። ዛሬ የሰውን ጠባይ የምንጠራበት ቃል ይኸው ነው።

ያ ፊልም በ1937 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ በመጋዘን ቃጠሎ ጠፋ፤ ከቁርጥራጭና ከፎቶ በቀር አልተረፈም። ማክዳ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ ትተረካለች።

ስለዚህ ጥበብ ፈላጊዋን ጥበብ ቀሚስ አልብሻት፤ ነጠላዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይውረድ። ሉሉን አንድ ድርድር ብቻ አድርጊላት። ስትደረድሪው በየመሐሉ ቋጠሮ አትርሺ። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ ስሰፋ ክሩ ተበጥሶ ሉሉ ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ከሙሽራዋ ጋር ተንበርክከን እስኪመሽ ለቀምን። ከዚያ ወዲህ ያለ ቋጠሮ ደርድሬ አላውቅም፤ ቢበጠስም የምትወድቀው አንዷ ብቻ ናት።

ልብሱን ለምትለብሰው ልጅም ይህን ንገሪያት፦ ቀና ብላ፣ ረጋ ብላ ትራመድ። ዕንቍው ከውስጥ ነው።

ስትመጪ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን። ለመክፈቻው ቀን እኔም እመጣለሁ፤ ከፊት ወንበር ያዢልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ