ማሞ ሌላ፣ አበበ ሌላ

የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሩ ቀረጻ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ስለነበር ያችን መልስ ሁለት ጊዜ ነው የተዋረድኩባት፤ አንዴ ስቱዲዮ፣ አንዴ እናቴ ቤት።

ስቱዲዮው ይሞቃል። ፊቴን ፓውደር የቀባችኝ ልጅ "ላብህን እንዳትጠርግ፣ ይለቃል" ብላኛለች። ማይክሮፎኑ ኮሌታዬ ላይ ስለተሰካ ምራቄን ስውጥ እንኳ የሚሰማ ይመስለኛል። አራት ጥያቄ መልሻለሁ። አምስተኛው ስፖርት ነው ሲባል ደስ አለኝ፤ ሰፈራችን ውስጥ የሩጫ ክርክር ሲነሳ ዳኛው እኔ ነኝ።

"በ1960 በተካሄደው ኦሎምፒክ በማራቶን ወርቅ ያገኘው ኢትዮጵያዊ ማን ነው?"

የኛ ዘመን መሰለኝ። ስምንት ደመርኩበት፤ 1968። ሜክሲኮ! አበበ እግሩን ታሞ አቋርጦ ማሞ ወልዴ ያሸነፈበት። ይህን ሁሉ አስልቼ "ማሞ ወልዴ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አቅራቢው "እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ ጭራሽ ፈገግ አልኩ። ያችን ፈገግታ ካሜራው አላለፋትም።

"አበበ ቢቂላ ነው። ሮም፣ በባዶ እግሩ!"

የከበደኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ነው። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ልንገራት ስል "ተው፣ እዚያው ነው የማየው" ትላለች። በበዓሉ ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማው ላይ ልጆች ተደርድረው፣ ጥያቄው መጣ። ቤቱ በሙሉ፣ የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሳትቀር፣ "አበበ!" ብሎ ጮኸ። አንዳቸውም ዓመተ ምሕረት አላሰሉም፤ ማራቶን ሲባል አበበ፣ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለሁት እኔ "ማሞ ወልዴ!" አልኩ።

እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። "ምነው ልጄ፣ አበበን?" አለች። ሌላ አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሻይ ቤት ስገባ አንዱ "ማሞ ሌላ፣ መታወቂያ ሌላ!" ብሎ ተቀበለኝ። እስከ ዛሬ በናቴ ቤት ካልሆነ በቀር በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ማሞ ነኝ።

ጥያቄ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ "እ.ኤ.አ." የምትለዋን አትዝለሏት። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ 1960 ብሎ ዝም ማለት ሰው ያስታል።

እኔም ብሆን ንጹሕ ነኝ አልልም። ቤት ገብቼ ካላንደር አውጥቼ አይቻለሁ። የሜክሲኮው ማራቶን የተሮጠው በጥቅምት ነው፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ የሚደመረው ደግሞ ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም። ማሞ ወልዴ ያሸነፈው በ1961 ነው። በኛም አቆጣጠር ተሳስቻለሁ።