ለንስሐ አባቴ ለመንገር ያፈርኩት ሐሳብ

በእግዚአብሔር ላይ የሚሰነዘር ስድብ፣ ሎቱ ስብሐት፣ ሳልጠራው በልቤ መመላለስ የጀመረው ገና በወጣትነቴ ነው። ገበያ ወይም ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙም አይመጣም። የሚመጣው ቅዳሴ ስቆም፣ ውዳሴ ማርያም ስደግም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥጋ ወደሙ ልቀበል ስቀርብ ነው። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች በተመስጦ ያነባሉ፤ እኔ ውስጥ ግን በአፌ ልደግመው የማልደፍረው ቃል ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ጉድ ያለበት ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በማኅበርም በለቅሶ ቤትም፣ ከኦርቶዶክሱም ከጴንጤውም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንኑ ያጫወቱኝ ሰዎች አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እስካሁን ለማንም ላልተናገሩት ነው።

የመጣ ሐሳብ ሁሉ የእኔ አይደለም

ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ። ትምህርቱ እውነት ነው። በዚህ ፈተና ውስጥ ያለ ሰው ግን ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ራሱን ይኮንንበታል፦ «በልቤ ካለፈ አስቤዋለሁ፤ ካሰብኩት በድያለሁ» ይላል።

እኔን ከዚህ ያወጣኝ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ነው። ሰይጣን ጌታን ስገድልኝ ብሎታል። ከዚህ የከፋ የስድብ ሐሳብ ከየት ይመጣል? ጌታም ሰምቶታል፤ የተጠየቀው ምን እንደሆነም ያውቃል። ነገር ግን ፈቃዱን አልሰጠምና ኃጢአት አልሆነበትም። በኀልዮ መበደል ክፉውን ሐሳብ ወድዶ ማስተናገድ፣ ማብሰልሰል፣ እንዴት እንደሚፈጸም ከራስ ጋር መምከር ነው። ቂም የያዘ ሰው ጠላቱን የሚጎዳበትን መንገድ ሲያሰላ ያድራል፤ በኀልዮ የበደለ እሱ ነው። ስድቡ ሲመጣበት የሚሸማቀቅና የሚያለቅስ ሰው ግን ፈቃዱ የት እንዳለ እንባው ይመሰክርለታል። ለእግዚአብሔር ግድ የሌለው ሰው በዚህ ሐሳብ እንቅልፍ አያጣም።

ስታገለው ይበረታል

ሐሳቡ ሲታገሉት እንደሚበረታ ለመቀበል ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስዶብኛል። ሐሳቡ ሲመጣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ደግሞ ሲመጣ ደግሜ እጀምራለሁ። አጭር የነበረው የዘወትር ጸሎት ማለቂያ አጣ። ጾም ጨመርኩ፣ ስግደት ጨመርኩ። ሐሳቡም አብሮ ጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አሳትሞ ነበር። ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲመቱ አዘዟቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ኋላም «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተፈቀደላቸው ተማሪዎች አብልጠው ስለ ድቡ አሰቡ። ዌግነር እንደሚያስረዳው አእምሮ አንድን ሐሳብ ለማስቀረት «መጣ ወይስ አልመጣም?» እያለ መጠበቅ አለበት፤ ጥበቃው ራሱ ሐሳቡን ይጠራዋል። ነጭ ድብ ለማንም ምንም አይደለም። በአምላክ ላይ የሚሰነዘር ስድብ ግን ለሚያምን ሰው ከሁሉ የሚያስፈራ ነገር ስለሆነ ጥበቃው ይጠነክራል። በተለይ በቅዳሴ ሰዓት የሚበረታው ለዚህ ይመስለኛል፤ «እዚህስ እንዳይመጣ» የምንልበት ቦታ ነውና።

የበረሃ አባቶች ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በግብፅ በረሃ ይኖር ወደነበረው ወደ አባ ጴሜን አንድ ወንድም መጥቶ ሐሳብ እንደበዛበት ሲነግረው፣ አረጋዊው ወደ ውጭ አውጥቶ ነፋሱን በልብሱ እንዲይዝ አዘዘው። አልችልም አለ። ሐሳብ እንዳይመጣ መከልከልም እንዲሁ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ፣ የእሱ ድርሻ ሲመጣ አለመተባበር ብቻ እንደሆነ ነገረው።

ዛሬ ሐሳቡ ሲመጣ የያዝኩትን እቀጥላለሁ። ጸሎት ላይ ከሆንኩ ካቋረጠኝ ቃል እንጂ ከመጀመሪያው አልጀምርም። ለሐሳቡ መልስ አልሰጥም፣ አልከራከረውም፣ ሄደ ወይ ብዬም አልፈትሽም። በመጣ ቁጥርም አላማትብም። ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ማማተብ ቅዱስ ነገር ነው፤ ነገር ግን ፍርሃትን ለማስታገሥ ብቻ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ሲደገም ጸሎት መሆኑ ይቀርና ለጭንቀቱ ግብር ይሆናል።

በድምፅ መናገር

በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማከስ ስለ ስድብ ሐሳብ ሲጽፍ የአንድ መነኩሴ ታሪክ ያነሣል። መነኩሴው በዚህ ሐሳብ ሃያ ዓመት ተሠቃይቷል፤ በጾምና በትጋት ሰውነቱን ጨርሷል፤ ምንም አልጠቀመውም። በመጨረሻ መናገር ቢያፍር በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። አረጋዊው አንብቦ ፈገግ አለ። አንሥቶት እጁን በአንገቱ ላይ እንዲያኖር አደረገና ኃጢአቱን እኔ ተሸከምኩት፣ አንተ ከእንግዲህ ከቁም ነገር አትቁጠረው አለው። መነኩሴው ከአረጋዊው ክፍል ሳይወጣ ፈተናው ለቀቀው።

ከዚህ ታሪክ የምወደው የአረጋዊውን ፈገግታ ነው። እኔም ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የፈራሁት ፊታቸው ሲለወጥ ማየትን ነበር። አልተለወጠም። «ልጄ፣ ይህ ብዙ ሰው ላይ አለ» አሉኝ፤ ከዚያም ምንም ቀኖና አልሰጡኝም። ስግደት ቢያዙኝ ኖሮ «ጥፋተኛ ነህ» ማለት ይሆንብኝ ነበር። የኔ እንዲህ በቶሎ አልለቀቀኝም፤ ምሥጢር መሆኑ ግን በዚያች ቀን አበቃ። ሁሉም እንዲህ ያለ ሰሚ አያገኝም። አንዲት የማውቃት እህት ለአንድ አጥማቂ ብትነግር «ጋኔን አለብሽ» ተብላ፣ ጭራሽ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ፈርታ ቀረች። በዚህ እጅግ አዝናለሁ። መጀመሪያ የሚሰማን ሰው የሚናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ለዓመታት ይከተለናል።

አንዴ ከተናገሩ በኋላ ግን ያንኑ በየሳምንቱ እየተመላለሱ መናዘዝ ሌላ ወጥመድ ነው። ማርቲን ሉተር በመነኩሴነቱ ዘመን አንዳንዴ እስከ ስድስት ሰዓት ይናዘዝ እንደነበር ይነገራል፤ ሰላም ግን አላገኘበትም። «ይቅር ተብያለሁ?» ብሎ ደጋግሞ ማረጋገጥ ለጥቂት ሰዓታት ያሳርፋል፤ ከዚያ ጥርጣሬው ተመልሶ ይመጣል።

«ይቅር የማይባለውን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ያላነሣ ከእኛ ውስጥ የለም። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን በንያን እ.ኤ.አ. በ1666 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ «ክርስቶስን ሽጠው» የሚል ሐሳብ እንዴት እንዳሠቃየውና ጠፍቻለሁ እስከማለት እንዳደረሰው ጽፏል። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን ከነአካባቢው ማንበብ ይረዳል። ጌታ ይቅር ስለማይባለው ኃጢአት የተናገረው አጋንንት ሲወጡ በዓይናቸው እያዩ፣ ይህ የብዔል ዜቡል ሥራ ነው ብለው በአደባባይ ለፈረዱ ጸሐፍት ነው፤ ሳይፈልገው ሐሳብ ለመጣበትና ለሚንቀጠቀጥ ሰው አልነበረም። አውግስጢኖስም ይህን ኃጢአት እስከ ሞት ድረስ ንስሐን እምቢ ማለት ነው ብሎ ተርጉሞታል።

ቁጣ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የእኔ ነው

ወንድሜ ሲሞት በእግዚአብሔር ተቆጣሁ። ይህ እንደ ስድቡ ሳልጠራው የመጣ አልነበረም፤ ከልቤ ያሰብኩት ነው። ለቅሶ ቤት የመጡት ሁሉ «አታማርር» ይሉኛል። ለመልካም ነው የሚሉት፤ እኔን ግን ከጸሎት አራቀኝ፤ ያለ ምሬት የምጸልየው ነገር አልነበረኝምና። ወደ ኢዮብ የተመለስኩት ያኔ ነው። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፣ ፈጣሪውን ወደ ሙግት ጠርቷል። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በእሱ አይደለም፤ ለአምላክ ጠበቃ የቆሙትን ወዳጆቹን ነው የገሠጸው፣ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። መዝሙር 87ም (በሌላው አቆጣጠር 88) ከጥግ እስከ ጥግ ጨለማ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ መጽናኛ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ከዳዊቱ ሳታወጣ ትጸልየዋለች። ስለዚህ የስድቡን ሐሳብ ቸል እላለሁ፤ ቁጣዬን ግን ለእርሱ ለራሱ፣ በስሙ ጠርቼ እናገራለሁ።

ሕክምናም አለው

ሐሳቡ በቀን ብዙ ሰዓት ከወሰደ፣ ጸሎት ካስደጋገመ፣ ከቤተ ክርስቲያን ካራቀ፣ ሐኪሞች ኦሲዲ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን መታጠብ ያስደጋግመዋል፣ አንዳንዱን በር መዝጋቱን ያስፈትሸዋል፣ እኛን ደግሞ በእምነታችን በኩል ይመጣብናል። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ ያልተጠሩ ሐሳቦች በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ላይም እንደሚመጡ አሳይተዋል፤ የታመመውን የሚለየው ሐሳቡ የሚመላለስበት ብዛትና የሚያስከትለው ጭንቀት ነው። ሕክምናው ሐሳቡን ሳይሸሹና ሳያባርሩ መቆየትን ደረጃ በደረጃ የሚያለማምድ ምክክር፣ እንዲሁም ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋልና በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም።

ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለአእምሮ ሕመም የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ የሚሄድ ሰው «ይጨንቀኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ብሎ ብቻ እንዳይመለስ እለምነዋለሁ። ሐኪሙ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም፤ ድብርት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቃሉን መድገም አያስፈልግም። «ሳልፈልግ በእግዚአብሔር ላይ የስድብ ሐሳብ ይመጣብኛል፣ እሱን ለማባረር ጸሎት እደጋግማለሁ» ማለት ይበቃል። መናገር ካቃተው እንደዚያ መነኩሴ በወረቀት ጽፎ ይስጥ።