ለአየሩም ይከፈላል

ባሕር ዳር ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የለም። እኔም በቅርቡ ስሄድ ሐሳቤ ሁሉ ዋሽንግተን ያለችው የልጅ ልጄ ላይ ነበር። ዘንድሮ ጎጆ ወጥታለች፤ መሶብ ያልገባበት ቤት ደግሞ ለእኔ ትውልድ ሰው ጎዶሎ ነው።

በማለዳ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው፤ ነገደ ወይጦዎች ከአባት ከእናት የወረሱት ሙያ ነው። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ እየወጣ ፀሐይ ይሞቃል።

ይህ ደንገል ሩቅ አገር ሄዷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሳ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር። «ራ» የተባለችው ጀልባ ግብፅ ውስጥ በፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ፣ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሳች። የካሪቢያን ደሴቶች ከመድረሷ በፊት ብትፈርስም ውቅያኖሱን አብዛኛውን ተጉዛለች። «የጣና ደንገል ይህን ያህል ከተጓዘ፣ የእኔ መሶብ ምን ይቸግረዋል?» አልኩ።

ከሐይቁ ፈንጠር ብላ ስፌት የሚወዱ እናቶች ተሰባስበው የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለች። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ፣ ክዳኑ የሚያምር መሶብ መርጬ፣ ተከራክሬ ገዛሁና ዕቃ ወደሚላክበት ቢሮ ይዤ ሄድኩ።

የመላኪያው ዋጋ ከመሶቡ ዋጋ በለጠ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ አራት ኪሎም አይሞላም» አልኩት ሠራተኛውን። በትሕትና አስረዳኝ። በአውሮፕላን የሚሄድ ዕቃ በሚዛን ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታም ይሰላል። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ፣ በብዙዎቹ ፈጣን መልእክት አድራሾች ዘንድ ለ5,000 ይካፈላል። ከሁለቱ በሚበልጠው ያስከፍላሉ። መሶቤ የገባበት ካርቶን 50 በ50 በ60 ነበር፤ ሲሰላ 30 ኪሎ! ለካ ልከፍል የነበረው በመሶቡ ውስጥ ላለው አየር ነው።

መሶቡን ታቅፌ ተመለስኩ። ባለ ሱቋ ሳታየኝ አልቀረችም፤ «አባባ፣ እርስዎም ደረሰብዎት?» ብላ ሳቀች። ብዙ ሰው የመላኪያውን ዋጋ ሲሰማ እንደሚተወው ነገረችኝ። ወጣቶቹ ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «እናቴ፣ ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት፤ መሶቡን የት ላስቀምጠው?» አለቻት።

«እውነቷን ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። «እኛ የምንሰፋው ለእናቶቻቸው ቤት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እናቶቹ ትንንሽ ሰፌዶችን በመጠን እያበላለጡ ይሰፋሉ። አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። ወጣቶች ግድግዳ ላይ ይሰቅሏቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣም አውርደው ቆሎ ያቀርቡባቸዋል። ሦስቱ 40 በ40 በ10 ካርቶን ውስጥ ይገባሉ፤ ስሌቱ 3.2 ኪሎ ነው። ከመሶቤ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆኑ ነው።

አጠገባቸው አገልግል ተሰቅሏል። ቆዳ የለበሰው ይህ ዕቃ ድሮም የተሠራው ስንቅ ይዞ ለመንገድ ነው። ሴትዮዋ መከረችኝ፦ «መንገደኛ ሲያገኙ ትንሹን አገልግል ሻንጣ ውስጥ ይስጡት። ባዶውን ግን አይስደዱት፤ ሽሮና በርበሬውን በላስቲክ አስረው ውስጡ ይክተቱት።» አየሩን በስንቅ መሙላት ማለት ይህ ነው።

ሰፌዶቹን ላክሁ። መሶቡ አዲስ አበባ ቤቴ ቀርቷል፤ መጥታ ትብላበት ብዬ።

ሰፌዶቹ የደረሱ ዕለት የልጅ ልጄ ደወለች። ስንት እንደወጣባቸው ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አባባ፣ ይህ ጥለት እንዴት ነው የሚሰፋው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እናቴ ወስፌዋን ይዛ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ አድጌያለሁ፤ አንድም ቀን ግን «እስቲ አሳይኝ» አላልኳትም። ዘንድሮ ክረምት ልጅቱ ስትመጣ ባሕር ዳር ይዣት ልሄድ ቀጥረናል። ሴትዮዋም ወስፌ እንደምታዘጋጅላት ቃል ገብታልኛለች። ለእኔም ሁለተኛ ወስፌ እንድታስቀምጥልኝ ለምኛታለሁ።